ወር በሐረር፦ ከጎጃም ተነሥቶ፣ ቤተሰብን ይዞ፣ በአነስተኛ ወጪ ለመክረም



አላህ (ሱ.ወ.) በቅዱስ ቁርኣን በምድር ላይ እንድንጓዝና ከእኛ በፊት የነበሩትን ሕዝቦች ፍጻሜ እንድንመለከት በተለያዩ ቦታዎች አሳስቦናል። እንግዲያው ጉዞ ለሙስሊም እግር ማፍታቻ ብቻ አይደለም፤ ልብን የሚያነቃ ትምህርትም ነው። ይሁንና በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ የምንኖር ሙስሊሞች ከአገራችን የምንወጣው መቼ ነው? ለቅሶ ሲደርሰን፣ ሕመምተኛ ይዘን አዲስ አበባ ሆስፒታል ስንሄድ፣ ዘመድ ሲዳር፣ ወይም ከመርካቶ ዕቃ ለማምጣት ነው። ልጆቻችንን ይዘን፣ ተረጋግተን፣ አንድን የቀደመ ከተማ ለማየትና ለመማር የወጣንበትን ጊዜ ብንቆጥር ብዙዎቻችን አንድም ላናገኝ እንችላለን።

አያቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከደብረ ማርቆስ ብዙም የማይርቀው የባሶ ገበያ፣ ከአባይ ማዶ የሚመጣው ወርቅ፣ ዝባድና ቡና ወደ ሰሜን የሚተላለፍበት ታላቅ ገበያ ነበር። ያንን ንግድ በቅፍለት እየያዙ እስከ ጎንደርና ምጽዋ ከሚመላለሱት መካከል ብዙዎቹ ሙስሊም ሲራራ ነጋዴዎች ነበሩ። እነርሱ በቅሎና አህያ እየነዱ ለወራት ሲጓዙ፣ እኛ ልጆቻቸው አውቶቡስና ባቡር እያለልን ከቀበሌያችን ሳንወጣ ክረምቱ ገብቶ ይወጣል።

በመምህርነታችን ዘወትር የምናስተውለው አንድ ነገር አለ። ተማሪው የአክሱምን፣ የላሊበላንና የጎንደርን ታሪክ ያጠናል፤ ማጥናቱም ተገቢ ነው፣ የአገሩ ታሪክ ነውና። ስለ ሐረር ሲጠየቅ ግን ከግንብና ከጅብ አልፎ የሚለው የለውም። የእስልምናን ሥር በገዛ አገሩ አፈር ላይ ያላየ ልጅ፣ ሃይማኖቱን ትናንት ከሩቅ የመጣ እንግዳ አድርጎ ያስበዋል። ሰው ሲናገረውም አንገቱን ይደፋል። ይህን የሚያርቀው ቁጣ አይደለም፤ ዕውቀት ነው። ዕውቀት ደግሞ በዓይን ሲታይ ይጸናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ መካከለኛ ገቢ ያለው የጎጃም ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ ሳይገባ ሐረር ላይ አንድ ወር እንዴት ሊከርም እንደሚችል በቅደም ተከተል እናያለን።

ለምን ሐረር? ለምንስ አንድ ወር?

ጀጎል የሚባለው በግንብ የታጠረው የሐረር ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ስፋቱ 48 ሄክታር ያህል ቢሆን ነው። በዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያእ ሥፍራዎች መኖራቸው ተመዝግቧል። ከመስጊዶቹ ሦስቱ ከ10ኛው መቶ ዘመን የቆዩ ናቸው። ግንቡ ከአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል፤ እርሳቸውም በ16ኛው መቶ ዘመን ከተማይቱን ያስተዳደሩ ናቸው። ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ሲሆኑ በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። ሐረር ለብዙ ዘመን የራሷ አሚር የነበራትና በስሟ ገንዘብ የምትቀርጽ ከተማ ነበረች። ከ1875 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. ግብፆች ይዘዋት ቆይተዋል። በ1887 እ.ኤ.አ. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ገባች።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ ሐረር ገብቶ 10 ቀን ያህል ቆይቶ ስለ ከተማይቱ መጽሐፍ ጻፈ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦም በ1880ዎቹ በዚያ እየነገደ ኖሯል፤ በስሙ የሚጠራው ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ባሕር ተሻግረው የመጡት ይህን ያህል ከደከሙላት፣ ከእኛ 800 ኪሎ ሜትር የምትርቀው ሐረር እንዴት ትርቀናለች?

«ለማየት ሁለት ቀን አይበቃም ወይ?» የሚሉ አሉ። ሁለት ቀን ለፎቶግራፍ ይበቃል፣ ለትምህርት ግን አይበቃም። በሒሳብም ቢሆን ረዥሙ ቆይታ ያዋጣል። የመሣፈሪያው ወጪ አራት ቀን ብንቆይም 30 ቀን ብንቆይም ያው ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ (የዛሬ ዋጋ ነው ማለታችን አይደለም) የቤተሰቡ የደርሶ መልስ መሣፈሪያ 12,000 ብር ቢሆን፣ አራት ቀን ለሚቆይ ቤተሰብ በቀን 3,000 ብር ይደርስበታል፤ 30 ቀን ለሚቆይ ግን 400 ብር ብቻ ይሆናል። በተጨማሪም ጥቂት ቀን የሚቆይ ሰው ሆቴል ያድራል፣ ምግብ ቤት ይበላል። ወር የሚቆይ ግን ክፍል ተከራይቶ ራሱ ያበስላል።

መቼ እንሂድ?

ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ምቹው ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ነው። በሐረርም ያኔ ይዘንባል፤ ነገር ግን ከጎጃም ክረምት ይቀላል። ነጋዴ ለሆነ ሰውም ክረምት ገበያ የሚቀዘቅዝበት ወቅት ነው። ገበሬ ወንድማችን ግን በሐምሌ ጤፍ ስለሚዘራ አይችልም። ለእርሱ እህሉ ከተወቃ በኋላ ጥርና የካቲት ይሻለዋል። የትምህርት ቤት ዕረፍት ያኔ አጭር በመሆኑ ወሩ ቀርቶ ሁለት ሳምንት ያድርገው፤ ያም ብዙ ነው። በድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይገባዋል፤ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ፈቃዱን በትንሽ በትንሹ እየሸራረፈ ከመጨረስ ለቤተሰቡ ቢያቆየው መልካም ነው።

የሐረር ሕዝብ ከረመዳን በኋላ የሸዋልን ስድስት ቀን ጾም ሲፈጽም የሚያከብረው የሹዋሊድ በዓል በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህን ማየት የሚፈልግ ሰው የሂጅራ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ቀድሞ እንደሚመጣ አስቦ ቀኑን ቀደም ብሎ ያስላ። በበዓል ሰሞን መሣፈሪያም ማረፊያም እንደሚወደድ አይርሳ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ዕዳ ያለበት ዕዳውን ይክፈል፣ ዘካ የደረሰበት ዘካውን ያውጣ፣ የሚጦሩ ወላጆች ያሉት የእነርሱን ቀለብ አስቀድሞ ያስቀምጥ። ከዚህ የተረፈው የጉዞ ገንዘብ ይሁን። ለመዝናናት ብሎ መበደር፣ ይልቁንም በወለድ መበደር፣ ከደስታው ይልቅ ሐዘኑ ይበልጣል።

ጥሩው መንገድ ከዓመት በፊት መጀመር ነው። ከመስጊድ ጎረቤቶች ወይም ከሥራ ባልደረቦች ጋር 12 ሰው ሆኖ ወርኃዊ ዕቁብ መግባትና ዕጣውን ለሰኔ እንዲያደርጉልን አስቀድሞ መነጋገር ይቻላል። ዕቁብ የማይመቸው ከወለድ ነጻ በሆነ የባንክ ሒሳብ በየወሩ ያስቀምጥ። ልጆችም ከዒድ ገንዘባቸው ጥቂት እንዲያዋጡ ማድረግ ይገባል፤ ራሳቸው ያዋጡበትን ጉዞ አይንቁትምና።

ወጪውን በአምስት ከፍለን በደብተር እንጻፍ፦ መሣፈሪያ፣ የቤት ኪራይ፣ ቀለብ፣ የመግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ፣ በመጨረሻም መጠባበቂያ። መጠባበቂያው ከጠቅላላው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ባያንስ ይመረጣል፤ ለሕመም ወይም ለድንገተኛ መመለሻ ካልሆነ አይነካም። ቀለብን በተመለከተ፣ ቤታችን ብንቀመጥም መብላታችን እንደማይቀር እናስታውስ። አዲስ ወጪ የሚሆነው ልዩነቱ ብቻ ነው። ያንንም ልዩነት ለመቀነስ የጎጃም ሰው ስንቅ ያውቃል፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ድርቆሽና ቆሎ ከቤት ከተያዘ እዚያ የሚገዛው አትክልት፣ ሥጋ፣ ዘይትና ዳቦ ብቻ ይሆናል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሦስት ሆነው የሚጓዙ ከመካከላቸው አንዱን አሚር እንዲያደርጉ አስተምረዋል። አባት አሚር ከሆነ እናት ግምጃ ቤት፣ ከፍ ያለችው ልጅ ደግሞ ጸሐፊ ትሁን። በየምሽቱ የዕለቱን ወጪ ትጻፍ። ይህ ልጅን ሒሳብም አማና መጠበቅም ያስተምራል።

መንገዱ

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሉማሜና በደጀን አልፎ አባይ በረሃ ይወረዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ ተሠርቷልና ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። ከዚያ ጎሐ ጽዮን ተወጥቶ በገብረ ጉራቻና በሱሉልታ አዲስ አበባ ይገባል። እዚያ አንድ ሌሊት ማደር ግድ ስለሆነ ዘመድ ያለው አስቀድሞ ደውሎ ይንገር።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ይህ መንገድ የሚዘጋበትና የሚያሰጋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት ባሉት ቀናት መናኸሪያ ላይ ካሉ ሹፌሮችና በቅርብ ከተመለሱ ሰዎች እንጠይቅ። የሚያሰጋ ከሆነ ይቅር፤ የተጠራቀመው ገንዘብ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያል። ልጆችን ይዞ ወደ አደጋ መግባት ተወኩል አይደለም። ሌሊት መጓዝም አይገባም።

ከአዲስ አበባ ሐረር 520 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንደኛው ምርጫ አውቶቡስ ነው፤ በአዳማ፣ በመተሐራ፣ በአዋሽ፣ በጭሮና በቁልቢ አልፎ በደንገጎ መገንጠያ፣ በሐረማያና በአወዳይ ሐረር ይደርሳል። ሁለተኛው ባቡር ነው። በ2010 ዓ.ም. መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው የአዲስ አበባ - ጅቡቲ ባቡር ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ተነሥቶ ድሬዳዋ ያደርሳል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል በሚኒባስ ዳገቱን መውጣት ነው። ባቡሩ በየዕለቱ ላይነሣ ስለሚችል ቀኑን አስቀድሞ ጠይቆ ትኬት መያዝ ያሻል። ጣቢያው ከመሐል ከተማ ራቅ ስለሚል የታክሲውንም ሒሳብ ጨምሩበት።

ለመንገድ ምግብ አንድ ምክር አለን። ስንቅ ያልያዘ ሙስሊም በየመንገዱ ሐላል ሥጋ ያለበት ቤት ሲያጣ ይቸገራል። ረቡዕ ዕለት የሚነሣ ሰው ግን በክርስቲያን ወገኖቻችን ምግብ ቤቶች የጾም በያይነቱ አያጣም። ዓርብ ከሆነ ግን የጁምዓ ሶላት ስላለ ጠዋት ከመነሣት ረቡዕን መምረጥ ይሻላል።

ማረፊያ

ከሁሉ በፊት ሰው ፈልጉ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ የሚመላለስ ነጋዴ፣ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ወጣት፣ ወይም በዚያ የሠራ መምህር አይጠፋም። የመስጊድ ኢማማችንም የሚያውቁት ዓሊም ይኖራል። በእነርሱ በኩል ከጀጎል ውስጥ ወይም ከግንቡ አጠገብ ለአንድ ወር የሚከራይ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ይፈለግ። ስትደርሱ የመጀመሪያውን ሁለት ሌሊት በርካሽ ማረፊያ አድራችሁ ክፍሉን በዓይናችሁ አይታችሁ ተዋዋሉ እንጂ ሳታዩ ሙሉ ኪራይ አትላኩ።

ስትዋዋሉ እነዚህን ጠይቁ፦ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ማጠራቀሚያ በርሜል አለ? መብራት በኪራዩ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ? መጸዳጃው የጋራ ነው? ማብሰያ ቦታስ? የተስማማችሁበትን በወረቀት አስፍራችሁ ምስክር አስፈርሙ። ውል መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ ቁርኣን የዕዳን ውል እንድንጽፍ ያዘዘው በሰው መካከል ጠብ እንዳይገባ ነው።

ለጥቂት ሌሊት እንኳ ቢሆን በሐረሪ ባህላዊ ቤት ማደር የሚችል ቤተሰብ ይደር፤ እንግዳ የሚቀበሉ እንዲህ ያሉ ቤቶች በጀጎል አሉ። በቤቱ ውስጥ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች አሉ፤ ለአባወራው፣ ለትልቅና ለትንሽ እንደ ማዕረጉ የተለየ ነው። በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰፌዶችና ሙዳዮች የሴቶቹ እጅ ሥራ ናቸው። ከበሩ በላይ የሚቀመጠው ጥቅል ምንጣፍ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ በቤቱ እንዳለች ያመለክታል ይባላል።

ወሩን በምን እናሳልፈው?

በመጀመሪያው ሳምንት አትቸኩሉ። በሸዋ በር ገብታችሁ ፈረስ መጋላ ድረስ፣ ከዚያም በየጠባቡ መንገድ በእግር ሂዱ። የልብስ ሰፊዎቹን መንገድ መኪና ግርግር ይሉታል፤ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ለመጀመሪያው ቀን የታወቀ አስጎብኚ መያዝ ገንዘብ ማባከን አይደለም። ከሁለተኛው ቀን በኋላ ልጆቻችሁ ራሳቸው ይመሯችኋል።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሙዚየሞቹ ሂዱ። በሸሪፍ ሙዚየም በእጅ የተጻፉ ጥንታውያን መጻሕፍትና የሐረር ሳንቲሞች አሉ። ልጆች እነዚህን ሲያዩ አባቶቻቸው ጸሐፍትና ሊቃውንት እንደነበሩ ይረዳሉ። ሶላትን በየዕለቱ በተለያየ መስጊድ ስገዱ፤ በ30 ቀን ከ82ቱ ብዙዎቹን ማየት ትችላላችሁ። ጁምዓን በታላቁ ጃሚዕ መስጊድ አድርጉ። መቃብር ስንጎበኝም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳስተማሩት ለሞቱት ሰላምታ አቅርበን፣ ዱዓ አድርገንላቸው፣ የራሳችንን ሞት አስታውሰን እንመለስ። የምንለምነው አላህን ብቻ ነው።

በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ሰው እንወቅ። ልጆችን ለወሩ ያህል በሠፈሩ መድረሳ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ኡስታዙን ጠይቁ። የሐረሪ ቋንቋ የአማርኛ ዘመድ ነው፤ «በር» ያልነውን «ባሪ» ሲሉት ልጅ ወዲያው ይገባዋል። ሐረሪዎች በሠርግና በለቅሶ የሚረዳዱበትን ማኅበር አፎቻ ይሉታል፤ ከእኛ ዕድር ጋር አወዳድሩት። እናቶች ከሰፌድ ሰፊዎቹ ጋር ቢቀመጡ እጅ ሥራም ወዳጅም ይዘው ይመለሳሉ። ማታ ከግንቡ ውጪ ጅብ የሚመገብበትን ትርኢት ማየት የሚፈልግ ክፍያውን አስቀድሞ ይስማማ፤ ሕፃናትንም ከአጠገቡ አይለይ።

የመንገደኛው ሶላትና ቂብላ

ከደብረ ማርቆስ ሐረር ሶላት ለማሳጠር ከሚያበቃው ርቀት በብዙ ያልፋል። በመንገድ ላይ ሳለን ባለ አራት ረከዓውን ሶላት ሁለት እናደርጋለን። ሐረር ደርሰን ወር ለመቆየት ካሰብን ግን ሙሉ እንሰግዳለን። በሻፊዒይ መዝሀብ ከመግቢያና ከመውጫ ቀን ሌላ አራት ቀን ለመቆየት የወሰነ ሰው፣ በሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ 15 ቀን ለመቆየት የወሰነ ሰው ሙሉ ይሰግዳል። እህቶችም ከመሕረማቸው ጋር እንዲጓዙ ሸሪዓው ያዛል፤ ይህ የቤተሰብ ጉዞ ለዚያም ምቹ ነው።

ለተማሪዎች አንድ የጂኦግራፊ ጥያቄ እናቅርብ። በደብረ ማርቆስ ወደ ቂብላ ስንዞር ፊታችን ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 10 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። በሐረር ግን ከሰሜን ወደ ምዕራብ 10 ዲግሪ ያህል ነው። ለምን? ካርታ ዘርጉና መካን ፈልጉ፤ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምሥራቅ፣ ከሐረር ደግሞ በስተ ምዕራብ ባለው መስመር ላይ ትገኛለች። ሁለት ከተሞች ተራርቀው ፊታቸውን ወደ አንድ ቤት ማዞራቸውን ልጅ በኮምፓስ ሲያየው የኡማውን አንድነት ያለ ስብከት ይረዳዋል።

ጥንቃቄ

የደብረ ማርቆስ ልጅ ደጋ ላይ አድጎ ወባን አያውቃትም። አዋሽና ድሬዳዋ ግን ቆላ ናቸው፤ ወባም ደንጌም ታይቶባቸዋል። ድሬዳዋ የሚያድር አጎበር ይያዝ። ከተመለሰ በኋላም ትኩሳት ከያዘው ጤና ጣቢያ ሲሄድ የት እንደነበረ ይናገር። ውሃ አፍልቶ መጠጣትና ኦ.አር.ኤስ. መያዝ አይዘንጋ።

ለወጣቶች ደግሞ ግልጽ ቃል አለን። በመንገዳችሁ የምታልፉበት አወዳይ የታወቀ የጫት ገበያ ነው፤ በሐረርም ጫት በየደጃፉ ይቀርብላችኋል። የእንግድነት ይሉኝታ ይዟችሁ አትጀምሩ። «አመሰግናለሁ፣ አልቅምም» ማለት ማንንም አያስቀይምም። በአንድ ወር የተጀመረ ልማድ ዓመታትን ይበላል፤ ያጠራቀምነውም ገንዘብ ለዚህ አልነበረም።

አቅም ለሌለው

ይህም የማይቻለው ቤተሰብ አይዘን። ሰላም ሲሆን ጎንደር ቅርብ ናት፤ ቤተ መንግሥቶቿ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል፣ የጥንት ሙስሊሞቿ ሠፈር አዲስ ዓለምም ዛሬ ድረስ አለች። ከዚያም ያነሰ አቅም ያለው ልጆቹን ይዞ የጁቤ ወርዶ፣ የባሶ ገበያ የነበረበትን አገር አሳይቶ፣ ሽማግሌዎችን ስለ ሲራራ ነጋዴዎች ጠይቆ ሲመሽ ይመለስ። ዋናው የኪሎ ሜትሩ ብዛት ሳይሆን ዓይንን ገልጦ መሄድ ነው።

የሄደ ሰውም ጉዳዩን ሲጨርስ ወደ ቤተሰቡና ወደ ሥራው ቶሎ ይመለስ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩን ይህን ነው። ከጉዞ ሲመለሱ አስቀድመው መስጊድ ገብተው ሁለት ረከዓ ይሰግዱ ነበር። እኛም እንዲሁ አድርገን፣ ከዚያ ልጆቻችን የጻፉትን ደብተር በመድረሳቸው ፊት እንዲያነቡ እናድርግ። አንዱ ቤተሰብ ያየውን ሌሎች አሥር ቤተሰቦች ይሰሙታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከመካከላቸው አንዱ ዕቁብ ይጀምራል፣ ኢንሻአላህ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።